ሦስት መስመር የለመደው ማሽን

የበያጇ እጆች ከመበየጃው ኤሌክትሮድ ጋር ግብግብ ገጥመዋል። ብረቱን በነካ ቁጥር እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች ታላቅቀውና ደግማ ትጭረዋለች፤ ብልጭ ይልና ተመልሶ ይጣበቃል። የሰፈሩ ሰው «መብረቅ» ነው የሚላት። ዛሬ ግን እርጥብ ክብሪት ሆናለች።

ባሏ በሩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ብየዳን ያስተማራት እሱ ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሥራዋን የሚያየው በጆሮው ነው።

«አንቺ፣ ይሄ ሳል ነው እንጂ ብየዳ አይደለም» አላት። «ብየዳ እንደ ሽንኩርት ጥብስ ነው የሚንጫጫው።»

«ሽንኩርት ላምጣልህ?»

«አምጪው፣ ለራታችን ይሆናል።»

ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም።

ማሽኑ ጥፋት የለበትም። የተሠራው ለሦስት ፌዝ፣ ማለትም ለሦስት የመብራት መስመር ነው። ተከራይተውት በነበረው ሱቅ ሦስቱም መስመር ይገባ ስለነበር እንደ ልቡ ይሠራ ነበር። ሱቁ ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። ወደ መኖሪያ ቤታቸው የሚገባው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው። እንዲጨመርላቸው ቢለምኑ «ምሰሶው አይችልም» ተባሉ። ኋላ አንድ የመብራት ሠራተኛ ገመዱን አዘዋውሮ በዚያው ባንዱ አስነሣላቸው። መነሣት ከተባለ ነው እንጂ፣ ሦስት ሰው የሚሸከመውን ግንድ አንድ ሰው ላይ እንደ መጫን ነው። ያቃስታል፤ አይራመድም።

በእጇ ያለው የሕፃናት ትምህርት ቤት የደረጃ መደገፊያ ነው። ነገ ጠዋት ዳይሬክተሯ መጥታ ትወስደዋለች። ይህ ካመለጣት ሌላ ሥራ የለም፤ ማሽኑም ይሸጣል።

ወደ አጥሩ ወጥታ ተጣራች። «እናንተ ሰዎች፣ የኤሌክትሪክ ምድጃችሁን ላንዳፍታ አጥፉልኝ! ኃይል አነሰኝ!»

«ድስቴን በአንቺ ቁጣ ላብስለው?» አለች ጎረቤቷ ከወዲያ ማዶ።

«በእሱማ ያርር ነበር!»

እያጉረመረሙም ቢሆን አጠፉላት። ብረቱን በከሰል አሙቃ፣ ቀጭን ኤሌክትሮድ መርጣ ጫረች። አሁን አልተጣበቀም። የዓሣ ቅርፊት የመሰለ የሚያምር መስመር እየተከተላት መጣ። ጭንብሏን ገፋ አድርጋ ባሏን አየችው።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ሽንኩርቱ አልተንጫጫም።»

ወደ መስመሩ ጎንበስ አለች። ብትሞርደው፣ ቀለም ብትቀባው ማን ያውቃል? ከደህናው አይለይም። መዶሻውን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። በዚያ ደረጃ ላይ እየተሯሯጡ መደገፊያው ላይ የሚንጠለጠሉት ልጆች ዓይኗ ላይ መጡ። እንደገና አነሣችና መታችው። ቀጭ አለ፤ የበየደችው ዘንግም መሬት ላይ ተንከባለለ። ላይ ላዩን ተለጥፎ ኖሯል እንጂ ብረቱ ከብረቱ አልተዋሐደም።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ የተገነጣጠለውን ብረት ስታይ ተቆጣች።

«ቀለም ብቻ ነው የቀረው አላሉኝም ነበር?»

«ብዬሽ ነበር፣ ልጄ። አልያዘም። ያልያዘ ነገር አላስረክብሽም።»

«እኔስ ለወላጆች ምን ልበል?»

«ልጆቻችሁ አልወደቁም በያቸው።»

ሴትየዋ ብረቱን ጭና ወደ ሌላ በያጅ ሄደች።

ባልየው በዳበሳ ወደ ማሽኑ ሄዶ እጁን ጫነበት። ቀዝቅዞ ነበር። «በቃ ይሸጥ» አለ። እሷም የእሱን አሮጌ የሥራ ካፖርት አምጥታ፣ የታመመ ሰው እንደሚሸፈን አድርጋ ማሽኑን ሸፈነችው። ለማሽኑ የተገኘው ገዢ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ሦስት መስመር የሚገባበት የተዘጋ ወፍጮ ቤት፣ ወይም የማንም ያልሆነ የጋራዥ ጥግ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከፈረሱት ሱቆች ጀርባ ግቡና «መብረቅ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሕፃን ሳይቀር ያሳያችኋል። ማሽኑ ከባድ ነው አትበሉ፤ እየገፋችም ቢሆን ታመጣዋለች። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ንገሯት።