የተጣበቀው የሻወር እጀታ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ስኖር ነው። ዛሬም ሻወር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኛል።

ያኔ ታይፒስት ነበርኩ። ትርፍ ቤት ተብሎ ከተወረሰ ቪላ ሁለት ክፍል ከነመታጠቢያ ቤቱ ተከራይቼ እኖር ነበር። የቪላው የቀድሞ ባለቤት እትዬ አስካለ ጓሮ ባለችው ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእግዜር ሰላምታ አልፈን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር በቤታቸው መኖሬ ስለሚያሳፍረኝ ሳያቸው እርምጃዬን አፈጥን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ግንባር ነበር። በየደብዳቤው ስለ ሻወሬ ጉራዬን እነዛበታለሁ። እሱም "ብቻ በሕይወት ልምጣ እንጂ መጀመሪያ የምገባው እዚያ ሥር ነው" ብሎ ይመልስልኛል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሰይድ! ጮኼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ጦሩ ወደ ምሥራቅ ሲዛወር ለጥቂት ሰዓት ፈቅደውለት ነው የመጣው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጦሩ መኪና ኦሎምፒያ ጋ ያነሳዋል።

ገና ሳይቀመጥ "የታለ ሻወርሽ?" አለኝ።

ክው አልኩ። ሻወሩ መሥራት ካቆመ ወር አልፎታል። ይንጠባጠባል ብዬ እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሌ አጥብቄው፣ በዚያው ተጣብቆ ቀርቷል። ለቀበሌው አመልክቼ መልስ እየጠበቅሁ በባልዲ ነበር የምታጠበው። ይህን ስነግረው "ምንም አይደል፣ ባልዲም ውሃ ነው" ብሎ ሳቀ። ፊቱ ግን ሌላ ነበር።

እልህ ያዘኝ። ሰይድ እጀታውን በጨርቅ ይዞ ጠመዘዘው፤ ንቅንቅ የለም። ዘነዘና አምጥቼ ሁለቴ እንደመታሁት ከደጅ ድምፅ ሰማሁ።

"ኧረ ልጄ አትምቺው! ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ ይሰበራል!"

እትዬ አስካለ ናቸው። ደፉ ላይ ቆመው "ልግባ?" አሉኝ። በገዛ ቤታቸው!

እጀታውን አይተው ወደ ጓሮ ሄዱና ካቻቢቴ፣ ፒንሳና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ይዘው ተመለሱ። "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ነበር የሚያላቅቀው" እያሉ በቢላዋ ጫፍ እጀታው መሃል ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈነቀሏት። ለካ ከሥሯ ብሎን አለ! ሦስት ዓመት ስጨብጠው ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ሰይድ ብሎኑን ፈታው። እሳቸው በሞቀ አቼቶ የተነከረ ጨርቅ ጠቀለሉበት።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። እኔ ሰዓት እያየሁ እቁነጠነጣለሁ፣ እሳቸው "ቆይ፣ በደንብ ይጠጣ" ይላሉ።

በመጨረሻ ከእጀታው ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ማንኪያ አስገቡና ሰይድን "እኩል፣ ቀስ እያልክ" አሉት። ቋ! እጀታው ተፈናጥሮ ደረቴን መታኝ። ሰይድ ከሥር የቀረውን ዘንግ በፒንሳ ሲያዞረው ውሃው መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ጥርት ብሎ ሦስታችንም ላይ ወረደ። እኔ ጮህኩ፤ እትዬ አስካለ ነጠላቸው በስብሶ ያጨበጭባሉ።

ሰይድ እየዘፈነ፣ እስኪበቃው ታጠበ። ፊቱ አብርቶ ወጣና "እማማ፣ እርስዎስ የት ነው የሚታጠቡት?" አላቸው።

"እኔማ በሳፋ ነው ልጄ፣ እዚያው ጓሮ" አሉት ቀለል አድርገው።

አንገቴን ደፋሁ። ሦስት ዓመት ያልጠየቅኋቸውን እሱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጠየቀ።

ሰይድን ኦሎምፒያ ድረስ ሸኘሁት፤ መኪናው ላይ ሆኖ እርጥብ ፀጉሩን እያሳየኝ ሄደ። ተመስገን፣ በሰላም ተመልሶ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ አስካለን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ሳሙናቸውን ይዘው ገቡ፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይመጡ ነበር፤ ወሬያችንም አላልቅ አለ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ያ እጀታ ቀደም ብሎ አለመጣበቁ ነው።