ጥጋቸው የተቆረጠ የገብስ ካርዶች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰናይት ስልኳን ይዛ መጣች። ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ይፈልጋል፤ እሷ ልታመለክት አስባለች። ሥራው በኮምፒዩተር እያሰሉ፣ የትኛው የእህል ዘር ከየትኛው እንደመጣና እንዴት እየተለወጠ እዚህ እንደደረሰ መመርመር ነው።

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ።

የኔው በካርድና በሹራብ መርፌ ነበር።

በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ወጣት የምርምር ረዳት ነበርኩ። የክረምቱ ጭቃ ጠጠር ሲል በፈረስ ወደ ጭላሎ ተራራ ወገብ እየወጣሁ ከየገበሬው ማሳ የገብስ ዛላ እሰበስባለሁ። እያንዳንዱ ዛላ፣ ዳር ዳሩ የተበሳ አንድ ካርድ አለው። ዛላው ጥቁር ከሆነ አንዱን ቀዳዳ፣ ጢሙ ረጅም ከሆነ ሌላውን በመቀስ እስከ ጠርዙ እከፍታለሁ። የእናቴን የሹራብ መርፌ በክምሩ ቀዳዳ አሳልፌ ሳነሣው የተከፈቱት ብቻ ይረግፋሉ። እንዲህ እየለየሁ የገብሶቹን የዘር ሐረግ እስል ነበር። የሚስቅ ይሳቅ፣ መርፌዬ አይዋሽም።

ጥቁሩን ገብስ የሰጡኝ አዴ ጦይባ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። መጀመሪያ ቀን ልርዳቸው ብዬ ለዘር ካስቀመጡት ገብስ ላይ ጥቁር ጥቁሩን እንደ እንክርዳድ ስለቅም እጄን ያዙኝ።

«ተዪ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ። ዝናብ ሲጠፋ ጥቁሩ ያበላል፣ መሬት ሲጠግብ ነጩ። ዘንድሮ የትኛው እንደሚመጣ አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ከዚያው ከጥቁሩ ገብስ የተሠራ ጩኮ አቀረቡልኝ፣ ቅቤው እስከ ክርኔ ወረደ። ኮሌጅ ሙሉ ዓመት የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ።

ሥራዬን ያየ አንድ የውጭ ምሁር የዶክትሬት ማመልከቻ ፎርም ሲልክልኝ መሬት አልበቃኝም። የጎደለው የአለቃዬ ፊርማ ብቻ ነበር።

አለቃዬ ፎርሙን አገላብጦ አየና «ምርጥ ዘር ታድሎ ሳለ አሮጌውን እየደባለቁ የሚዘሩት እነማን እንደሆኑ ካርዶችሽ ላይ አለ አይደል?» አለኝ። «ነገ አምጪያቸው። እፈርምልሻለሁ።»

እውነቱን ነው፣ የየገበሬው ስም በየካርዱ ጥግ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ስሙ ለበላይ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ደግሞ ዶክትሬት አያስፈልግም። ቤቴ ገብቼ በዚያው መቀስ ጥጎቹን አንድ በአንድ ቆረጥኩና ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። በማግሥቱ ክምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ስሞቹስ?»

«ለስሌቱ የሚያስፈልገው ገብሱ ነው፣ ባለቤቱ አይደለም።»

«ከነማን እንደወሰድሽ ግን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ንገሪኛ።»

«አልነግርዎትም።»

አለቃዬ ካርዶቹን ወደኔ ገፋቸውና ፎርሙን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። የማመልከቻው ቀን አለፈ። እኔንም ብዙ ሳይቆዩ ኦጎልቾ አዛወሩኝ፣ ገብስ ወደማይወደው ሙቀት። ያ ዶክትሬት ዛሬም ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። መቀሱ ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ሰናይት ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። የድሮ ዘር ናሙና ወይም መዝገብ ያለው አመልካች ይመረጣል፣ ዘሩን የሰጡት ገበሬዎችም በስማቸው ይጠቀሱ ይላል።

«ስማቸውን ለምን ፈለጉት?» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ጠነከረ።

«ለማመስገን ነው፣ አክስቴ።»

አዴ ጦይባ ካረፉ ቆይተዋል፣ ያ ዘመንም አልፏል፤ አሁን ማንም ደርሶ አይነካቸውም። ተነሥቼ ካርዶቹን ከሣጥኑ አወጣሁ፤ ሁሉም እንዳሉ አሉ፣ ጥጋቸው የለም። ከላይ ያለው የጥቁሩ ገብስ ነው።

«ብዕር አውጪ» አልኳት። «መጀመሪያ አዴ ጦይባ ብለሽ ጻፊ። የቀሩትንም አልረሳሁም።»