የመኪና ቅርጫ

ትናንት ከአዘዞ ስመለስ የታክሲው ረዳት ዘንቢሌን ተቀብሎ አስገባልኝ። ቤት ገብቼ ጎመኑን ሳወጣው ካምቢዮ ዘይት ይሸታል። አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ አልለቅ ሲለኝ ለጎረቤት በግ ሰጠሁት። ባለቤቴ፣ "ይሄ አፍንጫ ለፖሊስ ውሻ እንጂ ለሰው አይሆንም" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱ መተማ ላይ መኪና ሲታረድ አላየም።

አዎ፣ ሲታረድ ነው ያልኳችሁ። ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ መተማ ዮሐንስ ታላቅ እህቴ ዘንድ እኖር ነበር። ባሏ የአይሱዙ ሾፌር ነው። መኪናው የእሱ አይደለም፤ ጎንደር የሚኖር የአንድ ነጋዴ ነበር። ሰሊጥ ጭኖ ይወጣል፣ ዱቄትና ሲሚንቶ ጭኖ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ብረት የራሱ የነበረው ክላክሱ ብቻ ነው። ገላባት ተሻግሮ ከአንድ ሱዳናዊ ገዝቶ ያስገጠመው፣ ወፈር ብሎ ጀምሮ እየቀጠነ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ የሚያላግጥ የሚመስል ድምፅ ነበረው። አስቀያሚ ድምፅ ነበር፤ ለሟች ብዬ አላሳምረውም። ግን መታጠፊያው ጋ ደርሶ ያንን ሲነፋ ትንሹ ልጃቸው የያዘውን ጥሎ ወደ ግቢው በር ይሮጣል። እህቴም እየሳቀች ተከትላው ሄዳ ትከፍታለች።

በሰሊጥ ወቅት የእህቴ ባል ኮኪት አጠገብ ካለው ድልድይ ሥር ተገለበጠና ሞተ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ነጋዴው ስብርባሪው እንዳለ እንዲሸጥ አዘዘ።

ቅርጫ መቼም ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን በሬ ብዙ ሆነው ይገዛሉ፤ ሥጋውን እኩል እኩል መደብ ይመድቡና ዕጣ ይጥላሉ። የእኛ አገር ሰው ይህንኑ ለተገለበጠ መኪና አውሎታል። የጋራዡ ባለቤት፣ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴና ሁለት የሰሊጥ ገበሬዎች ገቡበት። አምስተኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቴ።

አባቴ ኮኪት የሚያርሱ፣ በቅርጫ ዳኝነት የታወቁ ሰው ነበሩ። የፋሲካ በሬ ያለ እሳቸው አይመደብም። ለቅሶ ቤት መጥተው፣ "ባዕድ ብቻውን ከሚቀራመተው አንድ እጁ የኛ ይሁን ብዬ ነው" ሲሉ የምገባበት ጠፋኝ። የአማች ሬሳ ላይ ቆሞ ጎማ መካፈል! እህቴ ግን ከል ለብሳ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ቀና እንኳ አላለችም።

"ክላክሱን ብቻ ያምጡልኝ፣ አባባ" አለቻቸው። "ሌላ ሰው እንዳይነፋው። ልጁ ይሮጣል።"

"ይሁን ልጄ። አመጣልሻለሁ" አሉ።

ቅርጫው የተደረገው ገና አርባው ሳይወጣ ነው። እህቴ ጥቁር ፌስታል ሰጥታ ላከችኝ። "ሲሰጡሽ በዚህ ጠቅልለሽ አምጭው፤ ልጁ እንዳያየው" አለችኝ።

የጋራዡ ግቢ ከቤታችን ሩቅ አልነበረም። ገና በሩ ጋ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ጋቢናው ውስጥ ተጨፍልቆ የቀረው ሰሊጥ በዚያ ሙቀት ዘይቱ ወጥቶ ሻግቷል፤ በላዩ ካምቢዮ ዘይትና ናፍጣ ፈሶበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ስሙን መጥራት የማልፈልገው ሌላ ሽታ አለ። ዝንቡ ለጉድ ነው። የመለዋወጫ ነጋዴው የሾፌሩን ወንበር አውጥቶ በሳሙና ይፈትጋል፤ አረፋው ቀላ እያለ መሬት ላይ ይወርዳል። እሱ ወንበሩን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገና፣ "ስፖንጁ እኮ ገና አዲስ ነው!" አለ። ወደ አጥሩ ዞሬ አስመለሰኝ። አንዱ ገበሬ ከኋላዬ፣ "ፀሐዩ ነው፣ ውኃ ስጧት" ሲል ሰማሁት። ፀሐዩ አልነበረም።

ከዚያ እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው አንድ ትሪ ፉል ከበው በሉ። "ነይ ጉረሽ" አሉኝ። እኔ ፌስታሌን ጨብጬ ቆሜያለሁ።

አምስት ሸራ ተነጠፈ። አባቴ እጀታቸውን ሰብስበው እንደ ፋሲካው በሬ መደብ ያመዛዝኑ ጀመር። ካምቢዮ ያለበት መደብ ጎማ ይቀነስበት፣ ባሌስትራ ያለበት ባትሪ ይጨመርለት እያሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይኸ ነው ያንገሸገሸኝ። ክላክሱ ከራዲያተሩና ከስፖኪዮው ጋር አንደኛው ሸራ ጥግ ላይ ተቀመጠ። መደቡ ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያን ክላክስ ለልጄ ተዉልኝ፣ ከኔ ድርሻ በፈለጋችሁት ዕቃ ተካካሱ።"

የጋራዡ ባለቤት ሳቅ አለ። "አባባ፣ ቅርጫ ላይ ይኸ ይገባኛል የሚል ማኅበር ያፈርሳል የሚሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ? መኪናው እንዳለ ነው የተገዛ። ዕጣው ከደረሰዎ ይውሰዱት።"

አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ "እውነት ነው" አሉ።

የመለዋወጫ ነጋዴው ከእያንዳንዱ ሰው የዕጣ ምልክት በኮፍያው ሰበሰበ። ጠጠር የሰጠ አለ፣ ብሎን የሰጠ አለ። ምልክቱን ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል፤ ምልክትህ ያረፈበት የአንተ ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና ኮፍያውን ለእኔ ሰጠኝ። "እሷ አላየችም፣ ትጣልልን" አለ።

እውነትም ሲሰበስብ አላየሁም። ግን አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ለዕጣ የሚሰጡት አንድ ነገር ነው፤ ጫፉን በጥርሳቸው የነከሱት የማሽላ አገዳ ስባሪ። ኮፍያው ውስጥ እሱው አለ፣ የጥርሳቸው ምልክት ሳይቀር። ጠጠሩን እዚህ፣ ብሎኑን እዚያ ጣልኩና አገዳውን ክላክሱ ያለበት ሸራ ላይ አስቀመጥኩት። ማጭበርበር ይባላል? ይባል። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

"የአባባ ደረሰ! ይኸው እግዜር ሰጠዎት!" አለ አንዱ ገበሬ፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነው። ፌስታሌን ገለጥኩ።

አባቴ ግን ሸራውን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።

"ይደገም" አሉ።

"ምን ሆነ?"

"ልጄ ዕጣዬን ታውቀዋለች። አውቃ ነው የጣለችው።"

ገበሬው፣ "ኧረ ይተዉት አባባ፣ ለዚያች ለኀዘንተኛዋ አይደል?" አለ። የጋራዡ ባለቤት እንኳ ተቃውሞ አልተናገረም። ቢወስዱት ማንም ቅር አይለውም ነበር፤ ለዚህ እኔ እማኝ ነኝ።

"ዕጣ የእግዜር ነው። እግዜርን አላታልልም" አሉ አባቴ።

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ በመንገድ ሲያልፍ ጠሩትና ዕጣው እንደገና ተጣለ። ክላክሱ ለጋራዡ ባለቤት ደረሰ። "ኸላስ! አለቀ!" አለና አንሥቶ የነፋስ መሙያው ቱቦ ላይ ሰካው። "ደህና መሆኑን ልይ" ብሎ ነፋው።

ቤት የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። ልጁ ሁለት እጁን ቆርቆሮው በር ላይ ለጥፎ ቆሟል። እህቴ ባዶውን ፌስታል አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቴ በማግስቱ ሰውየውን ሊለምኑት ሄደው ነበር። እሱ ግን ከመተማ ገለጉ ከተማ ለሚመላለስ ሾፌር ሸጦታል። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ሲፈልግ በቀን፣ ሲፈልግ በሦስት ቀን በደጃችን ያልፋል። እኔ አባቴን ተጸየፍኳቸው። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል መፈለግ አያስፈልገኝም። የበሉበትን ሳህን ሳጥብ ያ ሽታ ይመጣብኝ ነበር። ከሰው ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም የማይነኩ፣ ጻድቅ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ጽድቃቸው ነበር የሸተተኝ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ማሽላ አስጭነው መጡ። ፀሐዩ በርዶ ነበር። ልጁ እግራቸው ሥር በቆርኪ ይጫወታል፣ እሳቸው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ እህቴ ጓዳ ናት። መታጠፊያው ጋ ተነፋ። እኛ ሥርዓት አበጅተንለት ነበር፤ እህቴ ጆሮዋን ትይዛለች፣ እኔ ልጁን ከበሩ ላይ አንሥቼ አስገባለሁ። አባቴ ግን ይህን አይተው አያውቁም። ልጁ ቆርኪውን በትኖ ብድግ አለና እጃቸውን ይዞ ጎተታቸው።

"አባባ ተነስ! አባዬ መጣ! ክፈትለት!"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። አልተነሣሁም፤ ሆን ብዬ ነው። ተጎትተው ሄደው መወርወሪያውን ሳቡና በሩን ከፈቱት። መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ወደ ኮኪት አለፈ። ልጁ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ አየው።

"የት ሄደ?" አለ።

አባቴ ቁጢጥ ብለው የልጁን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ቀስ ብለው ነው የጠረጉት፣ መልስ እንደሚፈልግ ሰው።

"ሰሊጡን ሊያራግፍ ነው የሄደ። ነገ ይመጣል" አሉት።

በሕይወቴ ሲዋሹ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ አመናቸው፤ ወደ ቆርኪው ተመልሶ ሮጠ። እሳቸው ቁጢጥ እንዳሉ ቀሩ። መነሣት አቅቷቸው መሬቱን በእጃቸው ሲደገፉ አየሁና ሄጄ ከብብታቸው ሥር ገብቼ አነሣኋቸው።