ትከሻዬ አለ?

አጎቴ ከቤት ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «ነይ ንኪልኝ፤ ትከሻዬ አለ?» ይሉኝ ነበር። ነክቼ «አለ፣ አባ» እላለሁ። የእጄ ማረፍ ግን አይሰማቸውም።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን ነው። በገነተ ማርያም ማኅሌት ከበሮ ሲመቱ ቀኝ ትከሻቸው እየወለቀ ስላስቸገራቸው አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ የላላውን ጅማት በሙቀት እንደሚያኮማትር ነገራቸው። «ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል» ብሎም አስጠነቀቃቸው። «ብቻ ከበሮዬን ልያዝ» ብለው ፈረሙ። መውለቁ ቀረ፤ የትከሻቸው ቆዳ ግን ደነዘዘ፣ ክንዳቸውም አልነሳ አለ።

አንድ የማርያም ዕለት ከሴቶች መካከል ቆሜ ሳለ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከኋላቸው የነበረ ጧፍ ነጠላቸውን አያይዞት እሳቱ ትከሻቸው ላይ ይነድዳል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዜማሉ። ጮህኩ፤ ካህናቱ ተረባርበው አጠፉት።

አጎቴ የተላጠውን ሥጋቸውን አይተው፣ «እኔንም ሸቶኝ ነበር እኮ» አሉ። «ሰው ተቃጠለ ብዬ ስጸልይለት ነበር።»

ቁስሉ ዳነ፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ሕመም ዐረፉ። አሁን በር ላይ የሚያቆመኝ የለም። በተቃጠሉበት ዕለት ጠዋት ግን ቸኩዬ ስለነበር ሳልነካቸው ነው «አለ» ያልኳቸው። ይህን ሳልነግራቸው ሄዱ።