ሁዳ በፌስታል የላከችው ቆጮ

ጥቅምት ከገባ ሳምንት ቢያልፍም የዚያን ማለዳ ፒያሳ ላይ ዝናብ ያወርደው ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ አስፋልቱ ጎርፍ ሆኗል፤ ጎመን ሻጮቹ ሸራቸውን ጠቅልለው በየሱቁ በረንዳ ተኮልኩለዋል። አባይነሽ ግን ሦስት ጆንያ ቆጮ አሸክማ፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ፣ ወደ ገነነ ክትፎ ቤት ዳገቱን ትወጣ ነበር። ሃምሳ ዓመቷ ነው። ዳገት ከጠላች ቆይታለች።

ነገሩ የመጣው በመስቀል ነው። አባይነሽ እንደ ሌላው ጉራጌ ሁሉ ለበዓሉ አገሯ ስትገባ፣ የመንደሯ ልጅ ሁዳ ሴቶቹን ሰብስባ ጠበቀቻት። ሁዳ ሐሳብ የማያልቅባት ሴት ናት። አምና ንብ፣ ካቻምና ደግሞ ዳክዬ ሞክራለች። ዳክዬዎቹ ወንዙን ተከትለው ሄደው በዚያው ቀሩ።

«እንሰቱን ተክለን፣ ፍቀን፣ ጉድጓድ ቀብረን የምናቆየው እኛ» አለች፤ «ደላላው መጥቶ እያጣጣለ በፈለገው ይወስደዋል። አንቺ ፒያሳ ተቀምጠሽ አንድ ክትፎ ቤት አታፈላልጊልንም?»

«እኔ ጎመን ሻጭ ነኝ። ማን ይሰማኛል?»

«ጎመንሽን የሚገዛሽ ይሰማሻል።»

ጎመኗን የሚገዛት ገነነ የአገሯ ሰው ነው። ቃሉ አጭር ነበር። «አንድ ጊዜ አምጪ። ካማረ በየሳምንቱ ከሴቶቹ እወስዳለሁ። ካላማረ ግን ሁለተኛ ስለ ቆጮ እንዳታነሺብኝ።» አሥራ አንድ ሴቶች ይህን ቃል አምነው ጉድጓዳቸውን ከፈቱ።

በዚያ ዝናባማ ማለዳ ገነነ ጓዳ ውስጥ ጆንያው ሲፈታ አባይነሽ ክው አለች። ቆጮው በእንሰት ቅጠል አልተጠቀለለም። እያንዳንዱ በሰማያዊ ፌስታል ታስሮ አልቦታል። አንዱን ሲፈቱት ጓዳው ሁሉ ሸተተ። ገነነ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ቀና አለ።

«አባይነሽ፣ ይኼ የወታደር ካልሲ ነው እንጂ ቆጮ አይደለም።»

«ሦስት ቀን ስጠኝ።»

«ካልሲ በሦስት ቀን ቆጮ ይሆናል?»

«ካልሆነ ያልከው ይጽና።»

በረንዳው ላይ ቆማ ሁዳ ጋ ደወለች። «ቅጠሉን የት ጣልሽው?»

«ለላሟ ሰጠኋት። ከተሜ ቅጠል ካየ ይጠየፋል ብዬ ነው። ፌስታሉን ከወልቂጤ አስመጥቼ፣ አዲስ፣ ንጹሕ…»

«ቆጮ መተንፈስ እንዳለበት እናትሽ አልነገረችሽም?»

ሁዳ፣ «ነግራኛለች። ለአዲስ አበባም የሚሠራ አልመሰለኝም» አለች።

በማግስቱ ራሷ አንድ ጥቅል ትኩስ ቅጠል ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ሁለቱ ሴቶች ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ አባይነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቆጮውን እያፍታቱ ውሃውን ጨመቁ። የተበላሸውን ለይተው ጣሉ፤ ደህናውን በቅጠል ጠቅልለው ድንጋይ ጫኑበት። ግቢው የጋራ ነው፤ ሽታውም የጋራ ሆነ። ጎረቤቷ እትዬ ጥሩነሽ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ወጡ።

«ልጆች፣ ማን ሞቶ ነው ያልነገራችሁኝ?»

«ሊነሣ ነው፣ እትዬ። ቅዳሜ ይምጡና ይዩት» አለች አባይነሽ።

እትዬ ጥሩነሽ ሳቁ። ቢሆንም ሁለቱን ቀን መስኮታቸውን አልከፈቱም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገነነ በስሱ ከተጋገረው ቆጮ ቆርሶ አኘከ። ሁለቱ ሴቶች አፍ አፉን እያዩ ቆሙ። እንደገና ቆረሰ። ከዚያ ወደ ሁዳ ዞሮ፣ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ሁዳ ግራ ገባት። አባይነሽ ግን ትከሻዋ ቀለላት። ገነነ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቀው አብሮት ሊሠራ ያሰበውን ሰው ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ» አለ በመጨረሻ። «በቅጠሉ። ቅጠሉንም ለብቻው ጨምሩልኝ፤ ክትፎ የማቀርብበት ሁልጊዜ ያጥረኛል።»

ሁዳ አባይነሽን በክርኗ ጎሸመቻት። «ላሟስ ምን ልትበላ ነው?»

«ፌስታሉን ብቻ እንዳታበያት።»

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ቆጮው አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ሁዳ አሁን ዓሣ ስለ ማርባት እያወራች ነው፤ ማንም እሺ አላላትም፣ እምቢም ያላት የለም። አባይነሽ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በአዘቦት ቀን ድልድዩ አጠገብ ጎመን ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ጠዋት የመንደሯን ቆጮ ተቀብላ ለገነነ ታደርሳለች።