የአባዬ የሩሲያ ዘፈን

ልጅ እያለሁ የጓደኞቼ አባቶች መኪናቸው ውስጥ የአማርኛ ዘፈን ሲከፍቱ የኔ አባት የሩሲያ ይከፍት ነበር። ወጣት ሳለ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሌኒንግራድ ተልኮ ነበር። የተማረው ምህንድስና ዳላስ ላይ ሥራ ባያስገኝለትም ዘፈኖቹ አብረውት መጥተዋል። በሚሠራበት አሮጌ ታክሲ፣ ፀሐይ ያጋለው ወንበር እየሸተተን፣ ከሰፈራችን ሌክ ሃይላንድስ እስከ ጎረቤት ከተማ ካሮልተን እየዘፈንን እንሄዳለን።

እማዬ ስትገባ ግን ካሴቱ ይጠፋል። ታላቅ ወንድሟን በዚያው በደርግ ዘመን ወታደሮች ወስደውት አልተመለሰም። አባዬ አይከራከራትም። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይለኛል።

የቤጂንግ ኦሎምፒክን በቴሌቪዥን ካየሁ በኋላ ጂምናስቲክ ካልተማርኩ ብዬ ቤቱን አመስኩት። ካሮልተን ውስጥ አንድ ትንሽ ጂም አስገቡኝ። አሰልጣኜ ኒና የምትባል ሩሲያዊት ነበረች፤ ፈገግታዋን ቆጥባ ነው የምትሰጠው። አንድ ቀን አባዬ ሊወስደኝ መጥቶ በሩሲያኛ ሰላም ሲላት ግን ልጃገረድ ሆነች። እንዳያንሸራትት እጇ ላይ የቀባችውን የጠመኔ ዱቄት ሳታራግፍ ጨበጠችው።

ምንጣፍ ላይ በዜማ ለሚሠራው የወለል ውድድር ሙዚቃ የመረጠችልኝ ከአባዬ ካሴት ነው፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄድ የጭፈራ ዜማ። በደንቡ ዘፋኝ ስለማይፈቀድ በአኮርዲዮን ብቻ የተጫወቱትን ፈልጋ ሲዲ ላይ ቀዳችው።

"ግጥም እኮ የለውም" አልኳት እማዬን።

"ዜማውስ?" አለች።

"ኦኬ፣ ሌላ ይቀየርልኝ?"

"አይ፣ ደክመሽበታል፤ ሥሪው። እኔ ግን አልመጣም" አለችኝ።

ውድድሩ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወለሉ ላይ ስቆም ቀና ብል፣ እማዬ የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አባዬ ጎን ተቀምጣለች። ሺፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ መጥታ ኖሯል። ደስታዬን ሳልጨርስ ሙዚቃው ጀመረ። መሀል ላይ ስደርስ ሲዲው ተንተባተበና ቆመ። ኒና በእጇ ቀጥዪ አለችኝ፤ እኔ ግን ዜማው ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ጭብጨባ ሰማሁ። እማዬ ቆማለች። ዜማውን ጮክ ብላ እያንጎራጎረች፣ ልክ ከቆመበት ቦታ አነሳችው። አንዲት ኖታ አልሳተችም፤ የሚፈጥንበትንም ታውቀዋለች። አባዬ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ እሱም ተቀበላት። ኒናም ማጨብጨብ ጀመረች፣ የማያውቁን ቤተሰቦች ሁሉ ተከተሉ። እኔም ሮጥኩ፣ አየር ላይ ተገለበጥኩ፣ በሁለት እግሬ ሳልነቃነቅ አረፍኩ። የእማዬ እልልታ ጣሪያውን ነካው።

አንደኛ ወጣሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ እንዳደረግኩ "እማዬ፣ ከየት አወቅሽው?" አልኳት።

"ወንድሜ ነው ያስተማረኝ" አለች መንገዱን እያየች። "ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ ያስጨፍረኝ ነበር። እሱን ሲወስዱት ዘፈኑንም የወሰዱት መስሎኝ ነበር። ዛሬ አስመለስኩት።"

አባዬ ታክሲውን ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ። መንዳት አልቻለም ነበር።

ዛሬ እኔ በደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮሃል፤ ያቺ ትንሽ ጂምም ተዘግታለች። ኦሎምፒክ ሲመጣ ሦስታችንም ሶፋ ላይ እንሰበሰባለን። የሩሲያ ልጆች ያለ ባንዲራ ለውድድር ሲገቡ፣ አባዬ በዩክሬኑ ጦርነት ልቡ ተሰብሮ አንገቱን ይደፋል። እማዬ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ትላለች። ወለሉ ጫፍ ላይ እጇን ዘርግታ ሙዚቃዋን የምትጠብቅ ቀጭን ልጅ እያየች፣ ለራሷ የምታወራ በሚመስል ድምፅ "አይዞሽ፣ የኔ ልጅ" ትላታለች።