ላሜን ያላወቅኋት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ ባበቃ ሰሞን ነው። ልርሳው ብልም የበዴሳ ሰው አይፈቅድልኝም። ሱቄ ሚስማር ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ላሜ ጤንነት ነው።

ከከተማችን ወረድ ብሎ ያለው የጋራ ግጦሽ ተራቁቶ ድንጋይ ብቻ ቀርቶት ነበር። መንግሥት በጀት መደበለትና ታጠረ፣ ሣር ተዘራበት፣ ጠባቂም ተቀጠረለት። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ሆንኩ። የተመረጥኩት ስለ ሣር አውቄ እንዳይመስላችሁ። እንግዳ ሲመጣ አማርኛ ስለማሳምር ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሣሩ በማጭድ ታጭዶ፣ በሸክም ብቻ ይወሰዳል። ከብቱ አጥሩን አልፎ የተገኘ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያው በሕዝብ ፊት የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ታዲያ የቀሪውን በጀት ጉዳይ የሚወስኑ እንግዶች ከሶዶ መጡ። አስቀድመው «ውስጡ ከብት ካየን ገንዘቡን ለሌላ ቀበሌ እናዞራለን» ብለውናል። ገበሬው ልቡ ተንጠልጥሏል፤ ያለዚያ ሣር በጋውን የሚያልፍ ከብት የለውም። እኔ ሙሉ ልብሴን ግጥም አድርጌ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ «ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ነው» እያልኩ ከፊት ከፊት እመራለሁ።

ጉብታውን ዞር ስንል አንዲት ቀይ ላም ሣሩ መሐል ቆማ ታመነዥካለች። የተበጠሰ ገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ደሜ ፈላ። «የማን ናት ይቺ?» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። «ባለቤቷ የሕዝብ ጠላት ነው! የልጆቻችንን ጉሮሮ የሚዘጋ!» አልኩ። ዳልኬ የሚባል ገበሬ ኮቴን ጎተት አድርጎ በወላይትኛ «ይተዉት ጋሽ ወልዴ» አለኝ በሹክሹክታ። የወንድሙ ላም መሰለችኝ። ይባስ ብዬ «ዛሬ አማላጅ አልሰማም! ባለቤቷ ይውጣና ይቆፍር!» አልኩ።

ዳልኬ ጭንቅ ሲለው፣ ሁሉም እየሰማ፣ በአማርኛ «ጋሽ ወልዴ፣ የእርስዎ እኮ ናት። ዳማ ናት» አለኝ።

አይ እኔ! ከዓመታት በፊት ለዳልኬ በርቢ የሰጠኋት ጊደር ናት። እሱ ያረባል፣ ጥጃ ስትወልድ እንካፈላለን፣ ለጊፋታ በዓል ደግሞ ቅቤ ይልክልኛል። ቅቤውን በደንብ አውቀዋለሁ። ላሚቱን ግን ከሰጠሁት ወዲህ ሄጄ አይቻት አላውቅም። ያኔ አጥንቷ የሚቆጠር ከሲታ ነበረች፤ ይቺ ጎኗ ሞልቶ ታብረቀርቃለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በዳልኬ ቅቤም ቢሆን የሚታሽ አልነበረም።

ዳልኬ «ያሰርኳት እኔ ነኝ፣ እኔ ልቆፍር» ብሎ ዶማ አነሳ። አንዲት ባልቴት ግን «የለም! ባለቤቷ ይውጣ አላሉም እንዴ ሰብሳቢው?» አሉ። ሳቁ ፈነዳ።

ዶማውን ተቀበልኩ። መሬት ደግሞ አማርኛ ቢያሳምሩላት አይገባትም። ጫማዬ በጭቃ ተለወሰ፣ እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ኮቴም ብብቱ ላይ ተተረተረ። እውነት ለመናገር ከውርደቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የዚያን ሁሉ ገበሬ በጀት በገዛ ላሜ አስበላሁት ብዬ እንባዬ መጥቶ ነበር።

የእንግዶቹ ኃላፊ፣ አንዲት ቆፍጣና ሴት፣ ቆፍሬ እስክጨርስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ «ጋሼ፣ ደንብ የሌለው ቀበሌ አላየንም። ደንቡ ሰብሳቢውን ሲይዝ ግን ገና ዛሬ አየን» አለችኝ። ስትሄድ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ የሚቀጥሉትን ሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም። በመጨረሻ ቀሪው በጀት ተለቀቀ።

አሁን ሳስበው መጀመሪያ እሸማቀቃለሁ፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ። እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ ዳር ያለው ሣር ከሌላው ሁሉ ይረዝማል ብዬም እከራከራለሁ፤ የሚያምነኝ የለም እንጂ። ሱቅ ስዘጋ ከዚያው ሣር አጭጄ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ከላሜ ጋር ልተዋወቅ ዳልኬ ቤት እሄዳለሁ። ሣሩን ትበላልኛለች። «ዳማ!» ብዬ ስጠራት ግን ቀና ብላ የምታየው ዳልኬን ነው።